ኤኤምዲ ለምን ዋጋ አይሰብርም? ካርድ ልትገዢ ላሰብሽው የፖሊ ተማሪ

እህቴ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልሽ ታገሺኝ። ለሌላው አንባቢም እንዲገባው ያልሽውን ባጭሩ ላስቀምጠው፤ ፖሊ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) አርክቴክቸር ትማሪያለሽ፣ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ላይ ሬንደር (ከሞዴሉ የመጨረሻውን ምስል ማውጣት) ትሰሪያለሽ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከወንድምሽ ጋ ጌም አለ፣ ያለሽ ማሽን አሮጌ የቢሮ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው። ግራፊክስ ካርድ ልትገዢ የሁለቱን ዋና የካርድ ቺፕ ነዳፊዎች፣ የኤንቪዲያንና የኤኤምዲን፣ ዋጋ ስታጠኚ «ኤኤምዲ ሁሌ ከኤንቪዲያ 50 ዶላር ብቻ ቀንሶ ለምን ይቀመጣል፣ በግማሽ ዋጋ ሸጦ ገበያውን አይጠቀልለውም ወይ፣ ተስማምተው ነው እንዴ፣ ጥቂት ወር ብታገስስ ይወርዳል ወይ» አልሽ። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ኮምፒውተር ስገጣጥም ስጠግን ነው የምውለው፣ ዋጋውን መከታተል ደግሞ እንጀራዬ ነው፣ ስለዚ የማውቀውን ልንገርሽ።

ባጭሩ ከሆነ የምትፈልጊው፣ ኤኤምዲ ዋጋ በሰበረ ቁጥር ኤንቪዲያ በሳምንቱ ይመልስለታል፣ ያኔ ትርፉንም አጥቶ ገበያውንም ሳያገኝ ይቀራል። ኤንቪዲያ በበኩሉ ዋናው ገንዘቡ ከኛ ኪስ መምጣቱን ካቆመ ቆይቷል፣ ካርድ አርክሶ ለመሸጥ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ተስማምተው ነው ወይ ላልሽው፣ 2006 ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የአሜሪካ ፍትህ መስሪያ ቤት ሁለቱን ጠርጥሮ ምርመራ ጀምሮ ነበር፣ ያኔ የኤኤምዲው ክፍል ኤቲአይ ነበር የሚባለው፣ በዛው ዓመት ነው ኤኤምዲ በ5.4 ቢሊዮን ዶላር የገዛው። 2008 ላይ ክስ ሳይመሰረት ፋይሉ ተዘጋ። ገበያው ውስጥ ሁለት ብቻ ሆነው እየተያዩ ዋጋ ሲያወጡ ግን ቁጭ ብለው ባይነጋገሩም የሚደርሱበት ቦታ አንድ ነው፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት ሱቆች ሁለቱን ብቻ አስቀርተሽ ሌላውን ብትዘጊው እኮ እንደዛው ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ ካርዱን ማን እንደሚሰራው እንለይ። ኤንቪዲያ ቺፑን ይነድፋል እንጂ ፋብሪካ የለውም፣ የሚያመርትለት የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው፣ በ30 ሲሪስ (3060፣ 3080 የሚባሉት ካርዶች) ጊዜ ሳምሰንግ ነበር። ኤኤምዲም እዛው ቲኤስኤምሲ ያሰራል፣ ኢንቴል እንኳ የራሱ ፋብሪካ እያለው አርክ የሚላቸውን ካርዶች ቺፕ እዛው ነው ያሰራው። ከዛ ቺፑ ለአሱስ፣ ለኤምኤስአይ፣ ለጊጋባይት፣ ለዞታክ ምናምን ይሸጣል፣ በኤኤምዲ በኩል ሳፋየርና ፓወርከለር አሉ፣ እነሱ ቦርዱን ማራገቢያውን ካርቶኑን ሰርተው ለአከፋፋይ ያስተላልፋሉ። ኤንቪዲያ መድረክ ላይ ወጥቶ «299 ዶላር» ሲል የሚናገረው የመደብሩን ዋጋ ነው፣ ቺፑን ለእነ አሱስ ስንት እንደሚሸጥላቸው አይነግርሽም። መሀል ላይ የምትቀረው ትርፍ ቀጭን ነች። 2022 ሴፕቴምበር ላይ ኢቪጂኤ የሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ የኤንቪዲያን ካርድ በመስራት ስሙ የገነነ ድርጅት፣ በቃኝ ብሎ ከካርድ ስራ ጭራሽ ወጣ። ያኔ ከተነገሩት ቅሬታዎች አንዱ የመሸጫ ዋጋውን የሚሰማው እንደማንኛችንም የኤንቪዲያው አለቃ መድረክ ላይ ሲናገር ነው የሚል ነበር። ካርዱን የሚሰራው ሰው ዋጋውን ከቲቪ ነው የሚሰማው እንደማለት ነው፣ እዚ ላይ ነው ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደሆነ የሚገባሽ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «በግማሽ ዋጋ ሸጦ ገበያውን አይጠቀልለውም ወይ» ያልሽው ነገር ተሞክሮ ያውቃል። 2008 ጁን ላይ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 280ን በ649 ዶላር፣ ጂቲኤክስ 260ን በ399 ዶላር አወጣ። ኤኤምዲ በዛው ወር ኤችዲ 4850ን በ199፣ ኤችዲ 4870ን በ299 ለቀቀ። 4870ው ከ260ው ጋ እኩል የሚሮጥ፣ ብዙ ጌም ላይ የሚቀድም ካርድ ነበር፣ መቶ ዶላር ቀንሶ ማለት ነው። ኤንቪዲያ ደነገጠ፣ ሳምንታት ሳይቆይ 280ን ወደ 499፣ 260ን ወደ 299 አወረደው፣ ቸኩሎ የገዛው ሰው እህህ አለ። ኤኤምዲ እንዲህ አርክሶ መሸጥ ለምን ቻለ ብትይኝ መልሱ ቺፑ ላይ ነው ያለው። የኤንቪዲያው ቺፕ ስፋቱ 576 ስኩዌር ሚሊሜትር ነበር፣ የኤኤምዲው 256 ብቻ። ቺፕ የሚመረተው ክብ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ ነው፣ ዌፈር ይሉታል፣ ቺፑ በተለቀ ቁጥር ከአንዱ ሰሌዳ የሚወጣው ፍሬ ያንሳል፣ በዛ ላይ አንዲት ብልሽት የምታጠፋው ትልቅ ቁራጭ ይሆናል። ስለዚ ኤኤምዲ በ299 ሸጦም ያተርፍ ነበር፣ ኤንቪዲያ ግን ያንን ግዙፍ ቺፕ በዛ ዋጋ ሲሸጥ እያመመው ነው። ዋጋ ሰብረሽ የምታሸንፊው ያንቺ ወጪ ከተፎካካሪሽ ካነሰ ብቻ ነው፣ ያኔ ያነሰው የኤኤምዲ ነበር።

ዛሬ ያ ልዩነት የለም። አርኤክስ 9070 ኤክስቲ ላይ ያለው ቺፕ 357 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፣ ተፎካካሪው አርቲኤክስ 5070 ቲአይ ላይ ያለው 378፣ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ። ያለፈው ትውልድማ ባሰበት፣ 7900 ኤክስቲኤክስ ቁርጥራጮቹ ሲደመሩ ከ500 በላይ ነበር (የተወሰነው በረከስ ያለ ቴክኖሎጂ የተሰራ ቢሆንም)፣ ሲፎካከረው የነበረው 4080 ግን 379። በእንዲህ አይነት ወጪ ግማሽ ዋጋ አይታሰብም።

ቀጥሎ ደግሞ ኤኤምዲ እጁን የተቃጠለበት ነገር አለ። 2019 ጁን ላይ አርኤክስ 5700 ኤክስቲን በ449፣ 5700ን በ379 እሸጣለሁ ብሎ አወጀ። ኤንቪዲያ ቁጭ ብሎ ሰማውና ጁላይ 2 ላይ «ሱፐር» ያላቸውን አመጣ፣ 2060 ሱፐር በ399፣ 2070 ሱፐር በ499። ኤኤምዲ ካርዱ መደብር ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ 399 እና 349 ወረደ፣ ከዛ «ሆን ብለን ነው ያታለልናቸው» ብለው ሲቀልዱ ነበር፣ እውነት ይሁን ማፈሪያ መሸፈኛ ፍርዱን ላንቺ ትቼዋለሁ። በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ 2020 ደግሞ አርኤክስ 5600 ኤክስቲን በ279 ሊያወጣ ሲል ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 2060ን ወደ 299 ጣለው፣ ኤኤምዲ ዋጋውን መንካት ስላልፈለገ በመጨረሻው ሰዓት የካርዱን ፍጥነት የሚጨምር አዲስ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ ያለ መሰረታዊ ሶፍትዌር) ለቀቀ፣ ካርዱ ታሽጎ መርከብ ላይ ነበር እኮ፣ ስንቱ ሰው ገዝቶ ባዮስ ሲቀይር ከረመ። ከዛ በኋላ ትምህርቱን ያገኘ ይመስለኛል፣ ቀድሞ ዋጋ የተናገረ ይሸነፋል። 2025 ላይ ያየነው የዚሁ ውጤት ነው፤ ጃንዋሪ ላይ አርኤክስ 9070 አንዳንድ መደብር ደርሶ ተቀምጦ ነበር፣ ኤኤምዲ ግን ዋጋ አልናገርም አለ። ኤንቪዲያ 5070ን 549፣ 5070 ቲአይን 749 ብሎ ተናገረ። ኤኤምዲ ጠብቆ ጠብቆ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ 9070ን 549፣ 9070 ኤክስቲን 599 አለ። እንግዲህ ያንቺ «50 ዶላር ብቻ» የምትመጣው ከዚህ ነው፣ ኤንቪዲያ ይተምናል ኤኤምዲ አይቶ ይጠጋዋል። የዚያን ጊዜው 599 ግን በ749ኙ ላይ 150 ዶላር የቀነሰ ስለነበር ጥሩ ዋጋ ነበር፣ ችግሩ በ599 የተሸጡት የመጀመሪያው ቀን አለቁና ከዛ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከዛ በላይ ነበር የሚገኘው።

ሌላም አለ። ኤኤምዲ ቲኤስኤምሲ ጋ የሚያገኘው ሰሌዳ የተወሰነ ነው፣ ያንኑ ሰሌዳ ለራይዘን ፕሮሰሰር ወይ ለሰርቨር ኢፒክ ቢያውለው በአንድ ቁራጭ ሲሊከን የሚያገኘው ገንዘብ ከካርድ ይበልጣል፣ ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ውስጥ ያለውም ቺፕ የሱ ነው። አንቺ የሱ አለቃ ብትሆኚ ሰሌዳሽን የት ታውይዋለሽ? ካርድ ላይ አክስሮ መሸጥ ማለት ሌላ ቦታ የሚያተርፍበትን ዕቃ እዚ መጣል ነው።

ከገዢውም በኩል ችግር አለ፣ ይሄ እኔን ሁሌ ያናድደኛል። ብዙ ሰው «ኤኤምዲ ዋጋ ይስበር» የሚለው ኤንቪዲያ እንዲረክስለትና ኤንቪዲያውን ሊገዛ ነው። ይሄን ኤኤምዲ ጠንቅቆ ያውቃል። አሁን አዲስ ከሚሸጠው ለብቻው የሚሰካ ካርድ ከአስሩ ዘጠኙ ገደማ ኤንቪዲያ ነው። 2024 ላይ የኤኤምዲው የኮምፒውተርና ግራፊክስ ኃላፊ ጃክ ሁይን ከላይ ያለውን ትልቁን ካርድ ማሳደድ ትተን ብዛት ላይ እናተኩራለን ብሎ ነበር፣ ለዛ ነው 9070 ኤክስቲ ላይ ቆመው 5090ን የሚገዳደር ነገር ያላወጡት። ትክክለኛ ውሳኔ ነው ባይ ነኝ፣ ሁለት ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሰው ሃያ በመቶ ረከሰ ብሎ ብራንድ አይቀይርም።

ላንቺ ደግሞ ለየት ያለ ምክንያት አለ። ኤንቪዲያ ኩዳ የሚለውን፣ ካርዱን ከጌም ውጪ ለሌላ ስሌት የሚያሰራ ሶፍትዌር 2006 ላይ ነው ያስተዋወቀው፣ ከዛ ወዲህ ሬንደር የሚሰራው፣ ኤአይ የሚሰራው ሁሉ እሱ ላይ ተተከለ። ሳይክልስ የሚባለው የብሌንደር ሬንደር ሰሪ በኤኤምዲም በኢንቴልም ይሰራል፣ አይሰራም የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው፣ ግን ኦፕቲክስ በሚባለው የኤንቪዲያ የራሱ የሬንደር መንገድ ሲሰራ በተመሳሳይ ዋጋ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይፈጥናል። ስለዚ ጌም ብቻ ለሚጫወተው ወንድምሽ የኤኤምዲ 50 ዶላር ቅናሽ ቅናሽ ነው፣ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲደርስ ሌሊቱን ሬንደር ለምትጠብቂው ላንቺ ግን ቅናሽ ላይሆን ይችላል። ኤንቪዲያ ይሄን አውቆ ነው የሚተምነው፣ ሲሊከኑን ብቻ እየሸጠልሽ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ምንጭ ደግሞ ቁጥር ልስጥሽ። ጃንዋሪ 2022 ላይ በተዘጋው የበጀት ዓመቱ ኤንቪዲያ ከጌም ያገኘው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ ለዳታ ሴንተር (ለትልልቅ የሰርቨር ማዕከላት) ከሸጠው 10.6። ጌሙ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ጃንዋሪ 2025 ላይ በተዘጋው ዓመት ዳታ ሴንተሩ 115 ቢሊዮን፣ ጌሙ 11 ቢሊዮን ከምናምን ሆነ። ጌሙ ባለበት ቆመ፣ ሌላው ከአስር እጥፍ በላይ አደገ። ስለዚ የኤንቪዲያን ዋጋ የሚጫነው ኤኤምዲ ሳይሆን የራሱ ሌላው ገበያ ነው፤ ከቲኤስኤምሲ የሚያገኘውን ሰሌዳ፣ መሐንዲሱን፣ ሜሞሪውን ለኤአይ ሰርቨር ቢሰጥ የሚያገኘው ስንት እጥፍ ነው። የኛ የጌም ካርድ ተረፈ ምርት ባይሆንም እንግዳው ከበላ በኋላ የሚቀርብ ሆኗል። የኤንቪዲያው አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ 2022 ላይ ቺፕ እየረከሰ ይሄዳል የሚባለው ያለፈ ታሪክ ነው ብሎ በግልጽ ተናግሯል፣ ሰውየው አልደበቀንም።

ዋጋ ሳይጨምሩ ዕቃ የሚቀንሱበትንም መንገድ እወቂው፣ እዚ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የ60ዎቹን ዘር እዪ፤ ጂቲኤክስ 960 በ199፣ 1060 ባለ 6 ጊጋው በ249፣ 2060 በ349፣ 3060 በ329፣ 4060 በ299፣ 5060 በ299። «ኧረ እየወረደ ነው» ትያለሽ። ግን 3060 ባለ 12 ጊጋ ሜሞሪ፣ ወደ ሜሞሪው 192 ቢት መንገድ (ሲሰፋ ብዙ ዳታ ባንዴ ያልፋል) ያለው፣ ቺፑ 276 ስኩዌር ሚሊሜትር ነበር። 4060 ባለ 8 ጊጋ፣ 128 ቢት፣ ቺፑ 159። 3060 ቲአይና 4060 ቲአይ ሁለቱም በ399 ነው የወጡት፣ የመጀመሪያው 256 ቢት ሁለተኛው 128። አዲሱ ቴክኖሎጂ ስለሚፈጥንና ካሹ (ቺፑ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ስላደገ ጌም ላይ ትንሽ ይቀድማል፣ ውሸት አይደለም፣ ግን ከባድ ሲን (ሬንደር የምታደርጊው ትዕይንት) ስትከፍቺ ሜሞሪው ሲሞላ ያኔ ይታይሻል። 4060 ደግሞ ማዘርቦርዱ ጋ የሚገናኝበት መስመር 8 ብቻ ነው፣ እንዳንቺ አሮጌ ቦርድ ላይ ስትሰኪው ሜሞሪው ሞልቶ ወደ ራም መመላለስ ሲጀምር ጉዳቱ ይብሳል። ይሄን ከካርቶኑ ላይ አታነቢውም።

የደረጃ አሰላሉም ዘዴ አለው። ገበያ ጤፍ ስትሸምቺ ታውቂው የለ፣ ነጋዴው መጀመሪያ የአዴት ማኛውን ያሳይሻል፣ ዋጋውን ስትሰሚ ትደነግጫለሽ፣ ቀጥሎ ነጩን ሲያሳይሽ «ይሄስ ደህና ነው» ብለሽ ታስለኪያለሽ፣ የመጣሽው ግን ሰርገኛ ልትገዢ ነበር። 2022 ላይ 4080ው 1199፣ 4090ው 1599 ተባለ። በዋጋ ሲሶ ጨምረሽ ከላይ ያለውን ብትይዢ ኮሩ (ስሌቱን የሚሰሩት የቺፑ ክፍሎች ብዛት) ከ9728 ወደ 16384 ይዘላል፣ ታዲያ ማን 4080 ይገዛል? ሰውን ወደ ላይ መግፊያ ነበረች፣ ሳትሸጥ ከርማ 2024 መጀመሪያ ላይ 4080 ሱፐር ተብላ በ999 ተመለሰች። ኤንቪዲያ ዋጋ ቀነስኩ አይልም፣ ሱፐር ይልና አዲስ ካርቶን ያሳትማል። ያኔ ጭራሽ «4080 ባለ 12 ጊጋ» ብሎ በ899 ሊያወጣ የነበረው ሌላ ቺፕ ያለው ካርድ ነበር፣ ሰው ሲጮህበት ከመውጣቱ በፊት ሰረዘውና ጃንዋሪ ላይ 4070 ቲአይ ብሎ በ799 አወጣው። ያው ካርድ ነው፣ በጩኸት መቶ ዶላር ወረደ። ኤኤምዲም ጻድቅ አይደለም፣ 7900 ኤክስቲን በ899፣ ኤክስቲኤክሱን በ999 ነበር ያስቀመጠው፣ ያው ዘዴ። ልዩነቱ የኤኤምዲው 7900 ኤክስቲ ወራት ሳይቆይ ወደ 800 አካባቢ መውረዱ ነው። ይሄን ያዢልኝ፤ ኤኤምዲ ከፍ አድርጎ ይጀምርና ዝም ብሎ መደብር ላይ ይወርዳል፣ ኤንቪዲያ እዛው ይቆማል።

ኢንቴል? አርክ ቢ580 ባለ 12 ጊጋ ዲሴምበር 2024 ላይ በ249 ወጣ፣ በወረቀት ላይ ከሁሉም ምርጡ ዋጋ እሱ ነው፣ እውነተኛ ዋጋ ሰባሪ ብትይኝ እሱን ነው የማሳይሽ። ግን ላንቺ ማሽን አይሆንም። ሪሳይዘብል ባር የሚባል ቅንብር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ ባንዴ እንዲያገኘው የሚያደርግ) ቦርዱ ላይ ካልበራ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ፕሮሰሰሩም አሮጌ ከሆነ ካርዱን በሙሉ አቅሙ አያሰራውም፣ እነዚህ ድሮ ኦፕቲፕሌክሶች ደግሞ ብዙዎቹ ሁለቱም ችግር አለባቸው።

ስለ ክሪፕቶ (ቢትኮይን፣ ኤቴርየም የሚባሉት ዲጂታል ገንዘቦች) ብዙ አልልም፣ 2020 እና 2021 ላይ 699 የተባለው 3080 እጥፍ ሲሸጥ የነበረው በአመዛኙ ኤቴርየም ስለሚመረትበት ነው፣ ሴፕቴምበር 2022 ላይ ኤቴርየም በካርድ መመረቱ ቆመ፣ ያገለገለው ካርድ ገበያውን አጥለቀለቀው። ኤንቪዲያ በበኩሉ ቀደም ሲል የጌም ሽያጩ ውስጥ የማይኒንግ (ክሪፕቶ የማምረት) ድርሻ ምን ያህል እንደነበር ለባለአክሲዮን አልገለጽክም ተብሎ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። «እኛ አገር የገቡት ቢትኮይን አምራቾች ናቸው ካርድ ያስወደዱብን» የሚል ሰው ከገጠመሽ፣ እነሱ የሚጠቀሙት ለዛው ብቻ የተሰራ ሌላ ማሽን ነው፣ ካርዳችንን አልነኩም።

ያስወደደብን ዶላሩ ነው። ሐምሌ 2016 (አሁን በኛ ነው) ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ገደማ የነበረው ዶላር ባጭር ጊዜ ከ100 አለፈ። የ299 ዶላር ካርድ በፊት 17 ሺህ ገደማ የነበረው 30 ሺህ ሆነ፣ አሁንማ ከዛም በላይ ነው፣ ጄንሰን አንዲት ዶላር ሳይጨምር። እዛ ላይ ቀረጡ፣ 15 ከመቶ ቫቱ፣ የአዲስ አበባው ሻጭ፣ ከአዲስ ባህር ዳር ማምጫው። መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞንና ያልሆነ ሰሞን ዋጋው አንድ አይደለም። ብዙው ካርድ ደግሞ በሻንጣ ከዱባይ ነው የሚገባው፣ ዋስትና የሚባል ነገር የለውም። እና አንድ ነገር አስተውዪ፣ ኤኤምዲ አሜሪካ ላይ 50 ዶላር ሲቀንስ እዚ አይደርስም። እዚ ሻጩ የሚያስገባው ቶሎ የሚሸጥለትን ነው፣ ቶሎ የሚሸጠው ኤንቪዲያ ነው፣ ኤኤምዲ አንድ ሁለት ፍሬ ነው የሚመጣው፣ አንድ ሁለት ፍሬ ደግሞ ሻጩ ባለው ዋጋ ነው የሚሄደው። ስለዚ ባህር ዳር ላይ ርካሹ ኤኤምዲ ከኤንቪዲያው ተወዶ ብታገኚው አትገረሚ።

ስለዚህ አብዛኛው ሰው ያገለገለ ነው የሚገዛው፣ እኔም ላንቺ እሱን ነው የማስበው፣ ግን አይንሽን ክፈቺ። በቅርብ አንድ ልጅ «አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ ነው» ተብሎ የገዛውን ካርድ ይዞልኝ መጣ። ከላይ ሲታይ ያምራል፣ ተወልውሏል፣ ማራገቢያው መሀል ላይ ያለው ስቲከር አዲስ ነው። ገልበጥ ሳደርገው የቺፑ ዙሪያ ያሉት አራቱ ብሎኖች ጥርሳቸው ተበልቷል፣ ተፈቶ ያውቃል ማለት ነው። ሜሞሪዎቹ ጎን ቦርዱ ላይ ቢጫ ዘይት ፈሶ ደርቋል፣ ከቴርማል ፓዱ (ሙቀት ከሚያስተላልፈው ለስላሳ ንጣፍ) የወጣ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ሌት ተቀን ሲግል የኖረ ካርድ እንደዛ ያደርጋል። ሰክቼ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን፣ የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም ስከፍተው ሼደር (የኮር ብዛት) የሚለው ቦታ 2048 ይላል። እውነተኛው 580 2304 ነው ያለው። ፎርጅድ እንኳ አይደለም እኮ፣ ኤኤምዲ ራሱ ለቻይና ገበያ በ580 ስም ያወጣው ነው፣ ውስጡ 570 ነው። ልጁ የ580 ከፍሎ 570 ይዞ ሄደ። እውነተኛ ፎርጅድም አለ፣ አሮጌ ካርድ ባዮሱን ቀይረው 1050 ቲአይ ነኝ የሚያስብሉት፣ እሱንም ጂፒዩ-ዚ ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። ኤንቪዲያም በስም ይጫወታል፣ አርቲኤክስ 3050 ባለ 8 ጊጋውና ባለ 6 ጊጋው አንድ ካርድ አይደሉም፣ ባለ 6ው ኮሩም የሜሞሪ መንገዱም ያነሰ ነው። ስለዚ ገንዘብ ሳትከፍዪ በፊት ካርዱ ተሰክቶ፣ ጂፒዩ-ዚ ተከፍቶ፣ ፈርማርክ የሚባለው ካርድ አስጨንቆ የሚፈትን ፕሮግራም ሩብ ሰዓት እየሮጠ ሙቀቱን እዪ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከመጣ ተመለሺ። ሻጩ «መብራት የለም» ካለሽ መብራት ሲመጣ ነይ።

አሁን ልጠብቅ ወይ ላልሽው። ባለፉት ዓመታት ቢሆን አዲስ ትውልድ ሲወጣ ያለፈው ይረክሳል፣ ጠብቂ እልሽ ነበር። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ ግን የሜሞሪ ዋጋ በኤአይ ምክንያት ተሰቅሏል፣ ማይክሮን ክሩሻል የሚለውን ለተራ ሰው የሚሸጠውን ብራንድ እዘጋለሁ እስከማለት ደርሷል፣ ካርድ ላይ ያለውም ሜሞሪ ከዛው ፋብሪካ ነው የሚወጣው። የብሩን ነገር ጨምሪበት። ስለዚ አሜሪካ ላይ ቢወርድ እንኳ እዚ ላይወርድ ይችላል፣ ገንዘቡ ካለሽ መጠበቁ አይታየኝም።

ምርጫሽ ሁለት ነው። ዴሉን ማቆየት ከፈለግሽ ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ነው፣ ተጨማሪ የመብራት ገመድም ላይኖረው ይችላል፣ ስለዚ ያለ ተጨማሪ ገመድ በ70 ዋት የሚሰራውን አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ ፈልጊ፣ የተቀነሰ ካርድ ነው ብዬሻለሁ፣ ግን ኦፕቲክስ ይሰራል፣ ከምንም ይሻላል። ጥቂት ጨምረሽ ዴሉን ሸጠሽ ሌላ ማሽን ከገጣጠምሽ ግን ያገለገለ 3060 ባለ 12 ጊጋ ነው የምመርጥልሽ፣ ከ4060 አዲስ ይልቅ። ጌም ላይ ትንሽ ይቀደማል፣ ያንቺ ሲን ግን ዛፉ ሳሩ ቴክስቸሩ ሲደራረብ 8 ጊጋ ውስጥ አይገባም፣ ባልገባ ጊዜ ሬንደሩ ይጎተታል ወይ ይቋረጣል። 170 ዋት ይበላል፣ ደህና 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያስፈልገዋል፣ ርካሽ ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ እንዳታስገቢ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያደርገውን የምታውቂው ነው፣ ዩፒኤስ ባትችዪ እንኳ ስታቢላይዘር ይኑርሽ።

ዴሉን የምታቆዪ ከሆነ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ሞዴል ቁጥር ላኪልኝ። ቀጭኑ አይነት ከሆነ አጭሩን፣ ሎው ፕሮፋይል የሚሉትን ካርድ ነው የምትገዢው፣ ሌላው ቢሰካም ክዳኑ አይዘጋልሽም፣ ሻጩም ሎው ፕሮፋይሉን ማሰሪያ ብረት ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ሳያሳይሽ አትክፈዪው፣ እዚ ከተማ ለብቻው አታገኚውም።